ሽማግሌ ወደ ሳን ሆዜ፣ እኛ ወደ ሴን ማሎ

አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ሴን ማሎ በፈረንሳይ፣ ብሪታኒ በሚባለው ጠረፍ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ዙሪያዋን በድንጋይ ግንብ ታጥራ ከባሕሩ ጋር ተፋጥጣለች። መጀመሪያ ያየኋት ኦክላንድ በምሠራበት ሆስፒታል፣ የነርሶች ማረፊያ ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ካሌንደር ላይ ነው። ፎቶ አንስቼ ለባስልኤል ላክሁለትና «እዚህ ውሰደኝ» አልኩት። ስቀልድ ነበር። እሱ ግን ዓመት ሙሉ አልረሳውም።

ባስልኤል እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከአዳር ሥራ ወጥቼ ሳን ሆዜ አባቴ ጋ ስሄድ ባቡሩ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። «እህት፣ ቦርሳሽ ወድቋል» ብሎ ቀሰቀሰኝና ዓይኑን ቶሎ ሰበረ። ፍሪሞንት መውረድ ነበረበት፤ ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሺያን ነው። አልወረደም። ያን ቀን ሥራ አርፍዶ እንደገባ የነገረኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ሦስት ዓመት ተደብቀን ተዋደድን። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ብቻቸውን ያሳደጉኝ አባቴ አቶ ሀብቱ፣ በዲቪ የመጣን ሰው ሁሉ «ገና እግሩን ያልተከለ» ይላሉ። ፈራኋቸው። እሑድ እሑድ ሦስታችንም አንድ ቸርች ውስጥ ነን፤ ባስልኤልን በር ላይ ሳገኘው «እንዴት ነህ ወንድም» ብዬ አልፋለሁ።

ለጉዞውም ዋሸሁ። ከሥራ ባልደረባዬ ከሂክማ ጋር ለሥልጠና ቺካጎ እሄዳለሁ አልኩ። ሴን ማሎ ላይ ሁለት ክፍል ነው የያዝነው፤ ግን ማን ያምነናል?

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋይ መንገድ በእግር ወደሚኬድባት ግራን ቤ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ተሻገርን። ውሃው ሲመለስ መንገዱ ይሰጥማል። ይህን የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ መግቢያው ላይ ቆሟል፤ ሁለታችንም አንብበነዋል። አናቱ ላይ ተቀመጥን። ባስልኤል ስልኩን ደጋግሞ እያየ ለብቻው ፈገግ ይላል። ከዚያ የእኔ ስልክ ጮኸ። አባዬ ናቸው፤ እዚያ ገና ንጋት ነው።

«ሳሌም፣ የት ነሽ?»

«ቺካጎ ነኝ አባዬ።»

 

«ትናንት ማታ የቸርቻችን ተገኘ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። አንቀመጥም ብለው ቆመው ልጅዎን ለልጃችን አሉኝ» ካሉ በኋላ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጁ ማነው ብላቸው ባስልኤል ነው፣ እንዲያውም አሁን ሁለቱም ፈረንሳይ ናቸው አሉኝ። ልጄ ያለችበትን አገር በገዛ ሳሎኔ ከእንግዳ ሰማሁ። ለቅዳሜ ቀጥሬያቸዋለሁ።»

ዘጉት።

ዞር አልኩ። «ሽማግሌ ላክህ?»

«ደወሉልሽ? ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ነበር!» ፊቱ በራ። «እዚህ ሆነን የምሥራቹን እንድንሰማ…»

«ጋሽ ተገኘ እዚህ መሆናችንን በምን አወቁ?»

የፊቱ ብርሃን ጠፋ። «የት ነህ ሲሉኝ ነገርኳቸው። ለአባትሽ አይንገሩ ማለት… አላሰብኩም።»

«ሦስት ሽማግሌ ለምነሃል። አባቴን አስጠይቀሃል። እኔንስ? እኔን መቼ ጠየቅከኝ?»

ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱም ቱግ አለ።

«ለአባትሽ ንገሪያቸው ስልሽ ከፋሲካ በኋላ ትይኛለሽ። የትኛው ፋሲካ? ሦስት ፋሲካ አለፈ! በር ላይ ወንድም ብለሽኝ ስታልፊ ምን እንደሚሰማኝ ታውቂያለሽ? ታፍሪብኛለሽ፣ ሳሌም!»

«አላፍርብህም!»

«ታዲያ ማን ያውቃል? ሂክማ ብቻ!»

ቦርሳዬን አንስቼ ቁልቁል ወረድኩ። መንገዱ የለም። ውሃው ሸፍኖታል። ከግንቡ ሥር አንድ ሰውዬ እጁን እያወዛወዘ ባላችሁበት ቆዩ የሚል ምልክት ያሳየኛል። ተናድጄ በር ወርውሬ መሄድ በፈለግሁበት ቀን በሩን ባሕር ቀድሞ ዘጋው።

ስድስት ሰዓት ያህል እዚያው ነበርን፤ እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ነፋሱ ሲበረታ መጥቶ ጃኬቱን አጠገቤ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሳይናገር ተመለሰ። አንድ ሰዓት አላነሳሁትም። በኋላ ለበስኩት፤ ያሸነፈኝ ግን ብርዱ ነው። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ እውነቱን መሆኑ ነበር። ሳይጠይቀኝ መላኩ ጥፋት ነው፤ የደበቅሁት ግን እኔ ነኝ። በሁለታችንም ተናድጄ ስልኬን አወጣሁ። ባስልኤል እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ አወራሁ።

«አባዬ፣ ዋሸሁዎት። ባስልኤልን ከወደድኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሁለት ክፍል ነው የያዝነው።»

«አምንሻለሁ» አሉ። «እኔን ያንገበገበኝ ፈረንሳዩ አይደለም፤ ተገኘ ቀድሞኝ ማወቁ ነው። ቅዳሜ ምን ልበላቸው?»

ባስልኤልን አየሁት። ተነሥቶ ቆሟል።

«እሷ አልተጠየቀችም ብለው ይመልሷቸው።»

አባዬ የሳቁ መሰለኝ። ባስልኤል ግን እንደ አመድ ነጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ሸሸ። መንገዱ ባሕር ሣር ለብሶ ብቅ አለ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ባህል ትወዳለህ አይደል? ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። እስከ ግንቡ ሄደህ ተመለስ።»

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሄደ። ተመልሶ እፊቴ ቆመና «ሳሌም፣ ታገቢኛለሽ?» አለኝ።

«እናስብበታለን ብለናል። ተመለስ።»

«ሳሌም!»

«ተመለስ።»

ጥርሱን ነክሶ ሄደ። በሁለተኛው ሲመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ሲጠይቀኝ ትእዛዝ የሚያነብ ይመስል ነበር። «በቁጣ ነው ሽማግሌ የሚገባው?» ብዬ መለስኩት።

በሦስተኛው ግን መንገዱ መሐል ላይ ቆመ።

«ከዚህ አላልፍም!» ብሎ ጮኸ። «ግማሹን አንቺ ነይ!»

ግንቡ ላይ የቆሙ ሰዎች ሁሉ ያዩን ነበር። ንዴቴ አልበረደም። ግን በሚያዳልጠው ድንጋይ ላይ እየተንገዳገድኩ፣ በሰው ፊት፣ ወደ እሱ ሄድኩ። ስደርስ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ታገቢኛለሽ ወይ?»

«አገባሃለሁ» አልኩት። «አሁንም ግን ተናድጃለሁ።»

«እኔም» አለና እጄን ያዘኝ።

ጋሽ ተገኘ ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሳምንቱ ሲመጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ባስልኤል ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ጥፍሩን እየበላ ነበር። ጋሽ ተገኘ «እሱስ የት ነው?» ሲሉኝ ግን አልነገርኳቸውም።