የሳርዋን ደወል

በዘንበራ ምድር ፀሐይ በቀትር ደም ለብሳ በታየችበት ዕለት፣ ልሳነ በል የተባለው ጥቁር አሞራ በጥንታዊቷ መዲና በሳርዋን ላይ ወርዶ የትምህርት ቤቱን ደወል ድምፅ ዋጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ የከተማው ሰው ቃል ይጠፋው ጀመር። ሕፃናት «እማዬ» ማለት እንኳ አቃታቸው። ትንቢቱ ግልጽ ነበር፦ በደወሉ ሥር ቆሞ የማለዳውን መዝሙር የሚጀምር ሰው ድምፁን ለደወሉ ይሰጣል፤ ከተማውም ቃሉን መልሶ ያገኛል፤ እርሱ ግን ዳግመኛ አይናገርም።

በሳርዋን ተምራ ያደገችው ሐመልማል ወሬውን በሩቅ አገር ሰምታ ሰይፏን መትታ ማለች። «የተማርኩባት ከተማ ዲዳ ሆና እኔ አልናገርም! ድምፄን እሰጣለሁ!»

አብረዋት የነበሩት መምህሯ የኔታ ዮናኤል ምርኩዛቸውን አነሡ። «ብቻሽንማ አትሄጂም» አሉ።

ጭጋግ የዋጣትን ከተማ በነገሥታት በር ገቡ። ሐመልማል በልጅነቷ ትጋልባቸው የነበሩት የድንጋይ አንበሶች አሁንም አሉ፤ የአንደኛውን ጆሮ የሰበረችው እሷ ናት። የትምህርት ቤቱ የከበሮ አዳራሽ በሩ ወልቋል። በመጻሕፍት ቤቱ የብራናው ሽታ ሲቀበላት እንባዋ መጣ። ያኔ ዓለም ሁሉ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ይመስላት ነበር። ያ ጊዜ እንዴት ደግ ነበር!

«እዚያ ጥግ ታንቀላፊ ነበር» አሉ የኔታ። «አውቄ ነበር ዝም የምልሽ።»

«ያውቁ ነበር እንዴ? እኔ እኮ የሸወድኩዎት መስሎኝ!» አለች እየሳቀች።

በደወሉ ማማ ላይ ልሳነ በል ክንፉን ዘርግቶ ጠበቃቸው። ሐመልማል ሰይፏን መዝዛ ገጠመችው፤ ትከሻዋን ቢዘነጥለውም ደረቱን ወግታ ከማማው ጣለችው። ከዚያም በደወሉ ሥር ቆማ አፏን ከፈተች።

በሳርዋን ግን መምህር ሳይጀምር ተማሪ አይጀምርም፤ መምህር ይመራል፣ ተማሪ ይቀበላል። የኔታ ከጎኗ ቆመዋል። ልማድ መቼ ይለቃል! ሳታስበው ዞር ብላ ጠበቀቻቸው።

የኔታም ጀመሩ። «ንጋት ሆይ፣ ወደ ደጃችን ና...»

«የኔታ፣ አይሆንም!» ብላ ጮኸች።

ዘግይታ ነበር። የሽማግሌው ድምፅ ነሐሱ ውስጥ ገባ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን የለም። ፈገግ ብለው ራሷን ዳበሷት። ጭጋጉ ተገፈፈ፤ ከታች ሕፃናት እናቶቻቸውን ሲጣሩ ተሰማ።

በማግስቱ ማለዳ ደወሉ በየኔታ ድምፅ መዝሙሩን መራ። እሳቸው ከማማው ደጃፍ ተቀምጠው፣ ድሮ «ተቀበዪ» ሲሏት እንደሚያደርጉት እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ። ሐመልማልም እያለቀሰች ተቀበለች።