የይቆየኝ የመጨረሻ ሙከራ

ሬሳው የተገኘው አስፋልቱ አልቆ የአቧራው መንገድ ከሚጀምርበት ትንሽ ድልድይ አጠገብ ነው። አዲሱ ሞተር ሳይክል እግሩ ላይ ተጋድሟል። ጭንቅላቱ የድልድዩን የግንብ ጠርዝ መትቷል። ሄልሜቱና የአቧራ መነጽሩ ሣሩ ላይ ወድቀዋል፤ የሄልሜቱ ማሰሪያ ግን አልተበጠሰም። ፊቱ አቧራ ለብሷል፤ የአቧራ መነጽሩ ሸፍኖት የነበረው የዓይኑ ዙሪያ ብቻ ንጹሕ ነው።

«የፍሬን ጉዳይ ነው» አለ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ፣ ከመኪናው በቅጡ ሳይወርድ። «የፊት ፍሬኑ ዘይት ቱቦ ቡሎን ላልቷል። ትናንት ፍሬኑን የሠራችው የሞተር ሱቁ መካኒክ ናት። ይዘናታል፣ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አለቀ!»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ፊት ታይ ነበር። ባልደረቦቿ ነገር ስለማያመልጣት «ቆቅ» ይሏታል። አዛዡ ደግሞ ሥራ ስለምታበዛበት «ደረቅ» ይላታል። ከእሱ ጋር መሥራት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

ሟቹን የሞተር ሱቁ ሰዎች የሚያውቁት «ይቆየኝ» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ለረጅም ጉዞም ለአቧራ መንገድም የሚሆን መካከለኛ ሞተር ልግዛ ብሎ ሲመላለስ ዓመት አልፎታል። ቀላሉን ይሞክርና «አስፋልት ላይ ነፋስ ያንገላታኛል፤ ይቆየኝ» ይላል። ከባዱን ይሞክርና «ጭቃ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሳልኛል? ይቆየኝ።» ከፍ ያለው እግሩን መሬት አያስነካውም፤ ዝቅ ያለው ሆዱ ከድንጋይ ይላተማል። ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አገር አያስጨንቅም።

ባለሱቁ ቆቅን ሲያያት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«እኔን ብትጠረጥሪኝ አልቀየምሽም። በሐሳቤ ስንቴ አንቄዋለሁ መሰለሽ! የማላውቀውን ጥያቄ ሁሉ አስጠንቶኛል።»

«ዛሬ ጠዋትስ ምን አለ?»

«ዛሬማ ሊገዛ ነው የመጣው። ልብስ ሰፊው ጓደኛው በራሱ ሞተር አጅቦት ነበር። አብረው ረጅም ጉዞ ሊሄዱ ነው፤ ስንት ጊዜ ያወሩት ጉዞ። ‹አንዴ አቧራ ላይ ልፈትነውና እወስዳለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ አፌን ይቁረጠውና፣ ለከርሞ መቀመጫው ዝቅ ያለ አዲስ ዓይነት ይገባል ብዬ ጣል አደረግኩበት።»

«ጓደኛው ሰማ?»

«አልሰማም። ውጭ ሞተሩን እያሞቀ ነበር።»

መካኒኳ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ንዴት ዓይኗን አቅልቶታል።

«ስንቴ ልናገር? ቡሎኑን አጥብቄዋለሁ! እናቴ ትሙት አጥብቄዋለሁ! ከዚያም ሞተሩን አጥቤ፣ መስታወት አስመስዬ ነው ያስረከብኩት።»

«አምንሻለሁ አላልኩም፤ አላምንሽም አላልኩም» አለቻት ቆቅ።

«እሱ ምን ያደርግልኛል? አንዴ ፍሬኗ ሰው ገደለ ከተባለ ነፃ ብወጣስ ማን ሞተሩን ይሰጠኛል? ሌላ ሙያ የለኝም።»

አዛዡ በበሩ ብቅ ብሎ «እስካሁን አልጨረስሽም?» ሲል ቆቅ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

የሟቹ ሚስት ቤት ለቅሶ ቤት ሆኗል። ሴትየዋ ዓይኗን እየጠራረገች ባሏን ታማዋለች፤ ትወደው ነበርና።

«የጎማው ነገር በተለይ በሽታው ነበር። በአሮጌ ሞተሩም ሆነ በሚሞክረው ላይ፣ አቧራ መንገድ ሲገባ ‹ለስለስ ይበል› ብሎ አየር ይቀንሳል። አስፋልት ሲደርስ ደግሞ ወርዶ፣ በዚያች የእጅ ፓምፕ ይነፋል። ስንቴ ፀሐይ ላይ ገትሮኛል! ፓምፗን ትቶ ከቤት አይወጣም፤ ዛሬም ይዟት ነው የሄደው።»

ቆቅ የይቆየኝን አዲስ የጉዞ ጃኬት ከግድግዳው ላይ አንስታ አገላበጠችው። የዚፑ ስፌት ቀጥ ብሎ ይጀምርና ይወላገዳል።

«ማን ነው የሰፋው?»

«ያው ጓደኛው ነው። እንደ ወንድማማች ነበሩ። ዘንድሮ ግን ስፌቱ ተበላሽቷል፤ ሲነገረውም ይቆጣል።»

ልብስ ሰፊው ሱቁን ገርበብ አድርጎ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል። ሲያለቅስ እንደዋለ ያስታውቃል።

«እስቲ እንደገና ይንገሩኝ» አለች ቆቅ።

«አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቆመን፣ እንደ ልማዱ ጎማዎቹን አስተነፈሰ። እኔ ነዳጅ ልቀዳ ወደ ማደያው ተመለስኩ። ስመጣ እዚያው ድልድዩ ጋ ወድቆ አገኘሁት።»

«ምናልባት ሄዶ ሲመለስ ይሆናል የወደቀው?»

«የት ሄዶ! ድልድዩን እንኳ አላለፈም። ሲነሳ ነው ፍሬኑ የከዳው።»

ቆቅ ከፊቷ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ በጎን በኩል ገፋ አደረገችለት። እጁ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ቦታ ጨብጦ፣ ዳብሶ ዳብሶ ብርጭቆውን አገኘ።

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለ።

እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ቆቅ በጣቢያው ግቢ የቆመውን ሞተር ዞር ዞር እያለች አየች። ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ከድልድዩ አጠገብ እስኪነሳ ድረስ ዘብ ቆሞበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ማንም አልነካውም። ዘቡን ጠርታ የልብስ ሰፊውን ሞተር ቦርሳ እንዲፈትሽ ላከችው። ከሰዓት በኋላ መካኒኳን ጨምሮ ሁሉንም በሞተር ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛዡም መጣ፤ እየተነጫነጨ።

«መጀመሪያ አቧራውን እንይ» ብላ ጀመረች። «መካኒኳ ሞተሩን አጥባ ነው የሰጠችው። ልብስ ሰፊው ሟቹ ድልድዩን አላለፈም ይሉናል። ታዲያ ሞተሩ እስከ መቀመጫው አቧራ የጠጣው፣ የሟቹስ ፊት የመነጽር ቅርጽ እስኪያወጣ አቧራ የለበሰው የት ነው?»

«ነፋስ ይሆናል» አለ አዛዡ።

«ነፋስ ቢሆን የዓይኑን ዙሪያ ለይቶ ይተውለታል እንዴ? ሰውየው ጋልቧል። አቧራው መንገድ ላይ ሄዶ፣ ሞተሩን ፈትኖ ተመልሷል። ሁለተኛው ነገር ጎማዎቹ ናቸው። አቧራ ሊገባ ሲል እንዳስተነፈሳቸው ልብስ ሰፊው ራሳቸው አይተዋል። አሁን ግን ድንጋይ ናቸው። ማን ነፋቸው? ሟቹ ሲመለስ፣ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ሄልሜቱንና መነጽሩን አውልቆ ነፋቸው። የሄልሜቱ ማሰሪያ ሳይበጠስ የተፈታው ለዚህ ነው። ፍሬኑ የከዳው ሰው ሞተሩን አቁሞ ጎማ አይነፋም።»

ሚስትየዋ ቀና አለች።

«ፓምፗስ?»

«ሬሳው ጋ አልነበረችም። አሁን የልብስ ሰፊው ሞተር ቦርሳ ውስጥ ተገኝታለች። በመጨረሻ ፍሬኑ። ቡሎኑ በጉዞ ላይ ላልቶ ቢሆን ዘይቱ ወደ ኋላ ተረጭቶ፣ አቧራው በላዩ ላይ ይጋገርበት ነበር። ይኸኛው ግን የተጋገረውን አቧራ አጥቦ፣ ሞተሩ በተጋደመበት በኩል ወደ መሬት ወርዷል። ቡሎኑ የተፈታው ሞተሩ ከወደቀ በኋላ ነው። የወደቀውም ቆሞ ሳለ ተገፍቶ ነው።»

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። እሱ ወዴት እንደሚያይ አይታወቅም ነበር።

«ለምን እንደሆነ ይንገሩን» አለችው ቆቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዓይንዎ ከደከመ ስንት ጊዜው ነው?»

የልብስ ሰፊው ትከሻ ወደቀ።

«ሐኪሙ ከዚህ በጋ በኋላ አትነዳም ብሎኛል። ቀስ በቀስ ይጨልማል፣ መድኃኒት የለውም አለኝ። አንዲት ጉዞ ብቻ ነበር የተመኘሁት። ስንት ጊዜ ጠበቅሁት! ዛሬ በቃ አለቀ ብዬ ተደስቼ ነበር። እሱ ተመልሶ መጥቶ፣ ጎማውን እየነፋ ‹ለከርሞ የተሻለ ይመጣል አሉ፤ ጉዞውን ለከርሞ እናድርገው› አለኝ። ይስቅ ነበር። ደሜ ፈላ፤ ከነሞተሩ ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም! የድልድዩ ጠርዝ ነው የገደለው።»

እስከዛሬ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ስትለው የኖረችው መካኒክ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«እሱን ስትገፋው ተናደህ ነው እንበል። የእኔን ቡሎን ስትፈታ ግን መፍቻ ፈልገህ፣ ቁጭ ብለህ ነው የፈታኸው።»

አዛዡ ጉሮሮውን ጠራርጎ መካኒኳን «ነፃ ነሽ» አላት፤ ይቅርታ የሚባል ቃል ግን አልወጣውም።

ዘቡ ልብስ ሰፊውን ሊወስደው ክንዱን ሲይዘው፣ ሚስትየዋ መንገድ ዘጋችበት።

«ስለ ዓይንህ ነግረኸው ነበር?»

«ሞተሩን ይግዛና እነግረዋለሁ ስል... ያዝንልኛል ብዬ ፈራሁ።»

«አንተ ሰው!» አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና። «ብትነግረው ኖሮ እኮ መጀመሪያ ያየውን ሞተር ገዝቶ፣ በነጋታው ደጅህ ላይ ጥሩምባውን ያስጮኸው ነበር።»