በጉብታው ላይ ማን ነበር?

ይትባረክ በኅዳር ሚካኤል ጠዋት በጣና ዳር ባለው የደንገል ተክል መሀል በግንባሩ ተደፍቶ ሞተ። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ዕድሜውን ሙሉ ጣናን ሲዋኝ የኖረ ሰው የዳክዬ ጫጩት በማይሰጥምበት ቦይ ሰጠመ ሲሏት፣ ምክትል ኢንስፔክተር ነፊሳ ሙሀመድአወል ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ አየችው፤ የዋሻት ስልኩ ይመስል።

«ጉማሬ ገፍቶት ይሆናል» አላት አለቃዋ ኮማንደር ዓምደ ሚካኤል። «ጉማሬ ካልሆነ ደግሞ ያ ጀልባ ነጂ፣ ፈሀድ ነው። አስረነዋል። ቃሉን ተቀብለሽ ነይ፤ በዓል ነው፣ አታራዝሚው።»

«ጉማሬውንስ አሰራችሁት?»

ኮማንደሩ ሳይስቅ ዘጋው።

ነፊሳ የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ከባንኮኒ ጀርባ ሊያቆማት ሲል እሷ ፖሊስ ማሠልጠኛ ገባች፤ ዓመት ሙሉ አላናገራትም። ያ ዓመት ጠቅሟታል፤ ዝም ያለ ሰውን ማዳመጥ የተማረችው ያኔ ነው።

ቦታው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ነው። ከላይ መንደር፣ ከመንደሩ በታች ዋርካ የበቀለበት ጉብታ፣ ከጉብታው በታች ደግሞ ሽመላዎች ቆመው የሚያድሩበት ጥልቀት የሌለው ውሃ አለ። ደንገሉ ከእነዚህ ወደ ጎን ገንጠል ብሎ፣ ከሰው ቁመት በላይ ረዝሞ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሽመላዎቹ ከባሕር ማዶ ሲመጡ የከተማው የወፍ ተመልካቾች ክበብ ገና ሳይነጋ ወጥቶ በዳርቻው ይራመዳል። ከዚያ እያንዳንዱ የየራሱን ቦታ ይዞ ወፎቹ ሲነሡ ያያል፤ በኋላ ቁርስ ላይ ተሰብስበው ያዩትን ይጫወታሉ። ዛሬ የመጡት የክበቡ ሰዎች ሦስት ናቸው፦ ሟቹ ይትባረክ፣ ሊቀመንበሩ ቢያዝንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲሷ እሌኒ። ፈሀድ አራተኛ ነው፤ ጀልባውን ይዞ ነው የመጣው።

ነፊሳ ስትደርስ ወደ ሚካኤል ንግሥ የሚሄደው ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ያያል። የሚያየው በፖሊስ ፒክአፕ ላይ እጁ በካቴና ታስሮ የተቀመጠውን ፈሀድን ነው።

«‘ውሃው ይብላህ’ ያልኸው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ። ትናንት ወዲያ፣ ወደቡ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሞተርህ ወፎቹን ያባርራል ብሎ በእንግዶቼ ፊት አዋረደኝ፤ ረገምሁት። እርግማን ሰው ቢገድል ኖሮ ይሄ አገር አንድ ሹም አይተርፈውም ነበር።»

«ምላስህ ነው ያሳሰረህ።»

«ታዲያ ምላሴን ይሰሩዋ! እጄ ምን አደረገ?» ካቴናውን አንሥቶ አሳያት። «እናቴ ገበያ የምትሄደው በዚህ መንገድ ነው። እነዚህ ሰዎች ጨው የሚገዙት ከእኛ ሱቅ ነው። ዛሬ ካልተፈታሁ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ቢለቀኝ ምን ይረባኛል? ነፍሰ ገዳዩ ፈሀድ ተብዬ እቀራለሁ።»

«ወፎቹ ሲነሡ የት ነበርህ?»

«ጀልባዬ ላይ፣ ከውሃው መሀል። ግን መቼ ተነሡና! መንደሩ ኅዳርን ሊያጥን ቆሻሻውን ሲያነድደው ንፋሱ ወደ ሐይቁ ነበር። ጭሱ ጉብታውን ዋጠው፣ ወፎቹንም ዋጣቸው። እንደ ቆሙ ቀሩ። ሲሳሳ ነው አንድ አንድ እያሉ፣ ዝቅ ብለው ወደ ደሴቷ የሄዱት።»

ነፊሳ ወደ እሱ ጠጋ ብላ አየር ሳበች። ፈሀድ ደነገጠ። «ምነው ኢንስፔክተር፣ ሽቶ አልቀባሁም እኮ!»

«አልቀባህም» አለችና ወረደች።

አስከሬኑ በቦዩ አፋፍ ላይ ተጋድሟል። ነፊሳ ጫማዋን ሳታወልቅ ውሃው ውስጥ ገብታ ሟቹ የተደፋበትን አየች፤ ከዚያ ወጥታ አንገቱን ቀና አደረገች። ማጅራቱ ላይ ሁለት የበለዙ የአውራ ጣት ምልክቶች ጎን ለጎን አሉ። የዓይን መነጽሩ በአንድ ጆሮው ተንጠልጥሏል። ደረቱ ላይ ባይኖኩላር አለ፤ ዓይን የሚያርፍባቸው ሁለቱ የጎማ ቀለበቶች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቀና ብላ ደንገሉን አየች። ጫፉ አረንጓዴ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጤዛ እንጂ ሌላ ነገር የለበትም።

እሌኒ ቁርሱ የተዘረጋበት ሣር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ዳቦው አልተቆረሰም፣ እንቁላሉ አልተላጠም። ከመነጽሯ በስተኋላ ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ፀጉሯ ላይ አመድ ሰፍሯል።

«ጭሱ ነው» አለች እያበሰች። «ጭሱ ብቻ አይደለም ደግሞ። ይትባረክ ለእኔ እንደ አባት ነበር። ከአዲስ አበባ መጥቼ አንድ ሰው በማላውቅበት ጊዜ ባይኖኩላር አንገቴ ላይ አጥልቆ ይዞኝ ወጣ።»

«ዛሬ ምን አየሽ?»

«ምንም። ከመንደሩ አጥር ሥር ነበርኩ፤ ሳል ብቻ ነው የተረፈኝ። ጭሱ ሲቀንስ ወደዚህ ወረድኩ። ቢያዝን በዳርቻው በኩል መጣ። ይትባረክ ሲዘገይብን ልንፈልገው ሄድን፤ ቀድሞ ያየው ቢያዝን ነው። ጃኬቱን አውልቆ ወረወረልኝና ዘሎ ገባ።»

«መጀመሪያ ጃኬቱን አወለቀ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ የያዝኩለት።»

«ጓደኛው ሰጥሞ ልብሱን ካሰበ ልብሱ ውድ ነው ማለት ነው። ይትባረክን ማን ይጠላው ነበር?»

«ረግረጉን ለሎጅ መውሰድ የሚፈልጉት፤ ማን እንደሆኑ ግን አናውቅም። ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ አለ። ቢያዝን ሳይቀር በሬዲዮ ሲቃወማቸው ነው የከረመው።» እሌኒ ትንሽ አመነታች። «ትናንት ይትባረክ ደውሎልኝ ነበር። ‘ነገ ቁርስ ላይ ቢያዝን የሚነግረን ነገር አለው፤ እሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ’ አለኝ። ምን እንደሆነ ብለምነውም እምቢ አለ።»

ነፊሳ የእሌኒን ባይኖኩላር አየችው። ከሟቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የጎማ ቀለበቶቹ ግን ወደ ኋላ ታጥፈዋል።

«ክበቡ ነው ያስመጣልን» አለች እሌኒ፣ አስተያየቷን አይታ። «የሁላችንም አንድ ዓይነት ነው።»

ቢያዝን ሆቴል ያለው፣ ሲናገር ሰው የሚከበው፣ ፊቱ የጠራ ጎልማሳ ነው። እርጥብ ሱሪውን ለውጧል፤ ጃኬቱን ደርቧል። ነፊሳ የቆመበትን እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ ጉብታው ላይ ወጡ። ሣሩ ነጭ ነጭ ብሏል። በእግሯ ስትነካው አመዱ በነነ።

«ዋርካው ሥር ነው የቆምሁት። በየዓመቱ እዚሁ ነኝ» አለ።

«ምን አዩ?»

«ምን ያላየሁት አለ የኔ እህት! ፀሐይዋ ብቅ ስትል ክንፋቸው ወርቅ መሰለ። አንዱ ተነሣ፣ ሌሎቹ ተከተሉት፣ ሰልፍ ሠርተው በራሴ ላይ አልፈው ወደ ፎገራ ሩዝ ማሳ ነጎዱ። ይትባረክ ይህን ሳያይ መሞቱ ነው እሳት የሆነብኝ።»

«እዚያ ደሴቷ ላይ ነጭ ነገር ይታየኛል። ምንድን ነው?»

ቢያዝን ባይኖኩላሩን ወደ ዓይኑ አነሣ፤ ፊቱን አጨማደደ፤ ዝቅ አደረገው። የታጠፉትን ሁለት ቀለበቶች በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገልብጦ እንደገና አየ። «ድንጋይ ነው» አላት።

ነፊሳ እርጥብ እግሯን አየችና ትከሻዋን ሰበቀች። «በረደኝ። ጃኬትዎን ቢያውሱኝ?»

«ለካ ፖሊስንም ይበርደዋል!» ሳቀና አልብሷት እንደ ባላባት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ነፊሳ እጆቿን ከተተች። ትከሻው ደረቅ ነው፤ ሁለቱ እጅጌዎች እስከ ክርን ድረስ እርጥብ ናቸው። ኮሌታውን ወደ አፍንጫዋ ሳበችው። ሳሙናና ሽቶ ብቻ።

«እጅጌው ረጥቧል» አለች።

«ጤዛ ነዋ። የኅዳር ጤዛ አታውቂም?»

«አውቃለሁ።» ጃኬቱን ግን አልመለሰችለትም።

ኮማንደር ዓምደ ሚካኤል የበዓል ነጠላውን እንደለበሰ መጣ። «አመነ?»

«ማን?»

«ፈሀድ ነዋ! ልጅቱ፣ ትውልዱ እንደ አንቺ ከወረታ ስለሆነ ነው የምታባብይው?»

«ወረታ ነጋዴም ሌባም አላት፤ ነፍሰ ገዳይ ስታወጣ እኔው አስረዋለሁ። አሁን ግን ሰዎቹን ቁርሱ ጋ ይሰብስቡልኝ። ፈሀድም ይምጣ።»

«ባይሆንልሽስ?»

«ባይሆንልኝ ሰኞ ከአባቴ ባንኮኒ ጀርባ ያገኙኛል።»

ተሰበሰቡ። ፈሀድ ካቴናውን እንዳደረገ ቆመ፤ ቁጭ በል ቢሉት እምቢ አለ።

«ጉማሬ አውራ ጣት የለውም» ብላ ጀመረች ነፊሳ። «ስለዚህ ይትባረክን ሰው ነው አንቆ የደፋው፣ ከኋላው ሆኖ። ያ ሰው ደንገሉ ውስጥ ነበር። አሁን ጉብታውን እዩት፤ አመድ ለብሷል። ደንገሉን እዩት፤ አመድ የለበትም። ጭሱ ከመንደሩ ወርዶ በጉብታው ላይ፣ ከዚያ በውሃው ላይ አልፏል፤ ደንገሉን አልነካውም። እሌኒ ከአጥሩ ሥር ነበርሁ አለች፤ አመዱ ፀጉሯ ላይ አለ። ፈሀድ ውሃው መሀል ነበርሁ አለ። ኮማንደር፣ ሸሚዙን ያሽትቱት።»

«ምን?»

«ያሽትቱት።»

ኮማንደሩ እንደ መድኃኒት እየመረረው ጎንበስ አለ። «ጭስ ነው።»

ፈሀድ ከላይ ሆኖ «በደንብ ይሳቡት፣ ይቅናዎት!» አለው።

«አሁን ይህን» ነፊሳ ጃኬቱን አውልቃ ሰጠችው። «አቶ ቢያዝን ለብሰውት ጉብታው ላይ ቆሜ ነበር ይላሉ። እኔ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጭስ የገባበት ጣቃ ታጥቦም ሽታው አልለቅ ብሎት መልሷል። ይሄኛው ምን ይሸታል?»

«ሽቶ…» አለ ኮማንደሩ፤ ድምፁ ወረደ። «ሽቶ ብቻ።»

«እጅጌውን ይንኩት።»

«እርጥብ ነው።»

«እሌኒ፣ አቶ ቢያዝን ዘለው ሲገቡ ጃኬቱ የት ነበር?»

«እጄ ላይ» አለች እሌኒ በቀስታ። «ውሃ አልነካውም።»

«ያኔ አልነካውም፤ ቀድሞ ነክቶታል። ጤዛ እግር ያረጥባል፣ ትከሻን ትቶ ክርን አያረጥብም። እነዚህ ውሃ ውስጥ ሰው የያዙ እጅጌዎች ናቸው። አቶ ቢያዝን፣ ዘለው የገቡትም ሰውነትዎ ለምን እንደረጠበ ምክንያት እንዲኖርዎ ነው።»

ቢያዝን እጁን አወናጨፈ። «የልጅ ጨዋታ ነው! እኔ ጉብታው ላይ ቆሜ ወፎቹ ሲነሡ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እሱን ነው የምወድልዎ። ዛሬ ያልሆነውን ነው ያዩት። በራስዎ ላይ አልፈው ፎገራ ሄዱ? በጭስ ተውጠው ቆመው ነበር፤ የሄዱትም ወደ ደሴቷ ነው። በየዓመቱ የሚያደርጉትን ነገሩኝ እንጂ ዛሬ ያደረጉትን አልነገሩኝም። ደንገል ውስጥ ሆኖ ጉብታውም ውሃውም አይታይማ።» ወደ እሌኒ ዞረች። «የባይኖኩላርሽን ጎማ ለምን አጠፍሽው?»

«መነጽር ስለማደርግ ነው። ካልታጠፈ ዓይኔ አይደርስለትም። ይትባረክም እንደዚሁ ነው፤ ‘እኛ አራት ዓይናዎቹ’ እያለ…» እሌኒ በድንገት ቆመች። ቢያዝን አንገት ላይ ያለውን ባይኖኩላር አየችው።

«የሟቹ አንገት ላይ ያለው ባይኖኩላር ጎማው ቆሟል» አለች ነፊሳ። «አቶ ቢያዝን መነጽር አያደርጉም፤ በያዙት ለማየት ግን የታጠፈ ጎማ መገልበጥ ነበረባቸው፤ እኔ እያየሁ ገለበጡት። በትግሉ ሁለቱም ባይኖኩላሮች ወድቀዋል፤ አንሥተው መልሰው ሲያጠልቁ ተቀያየሩባቸው።» እዚህ ላይ አክብሮቱን ተወችው። «የይትባረክን አንገትህ ላይ አጥልቀህ ነው የምታነጋግረኝ። ቁርስ ላይ ምን ነበር የምትነግራቸው?»

ቢያዝን ገመዱ ያቃጠለው ይመስል ባይኖኩላሩን ከአንገቱ አወለቀ። መጣያ አጥቶ በእጁ ያዘው።

«ሎጁ ያንተ ነው» አለች እሌኒ። ጥያቄ አልነበረም። «በሬዲዮ ስትጮህልን የከረምከው ማን እንደሚቃወምህ ለማወቅ ነው።»

«ረግረግ እኮ ነው!» ጮኸ ቢያዝን። «ለወባ የተተወ ረግረግ! ስንት ሰው እንጀራ የሚበላበት… ‘ራስህ ንገራቸው፣ ክብርህን አልነካም’ ይለኛል። ለመንሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ምን ቀረኝ! እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወፍ ያያል። እኔ እየለመንሁት ወፍ ያያል!»

ሁለት ፖሊሶች በግራና በቀኝ ይዘውት ሄዱ።

ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቁልፉን አውጥቶ ወደ ፈሀድ ቀረበ። «በል እጅህን አምጣ።»

ፈሀድ እጆቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «እዚህ አይደለም።»

«ምን?»

«ያሰራችሁኝ መንገዱ ላይ ነው፤ ሰው እያየ። እዚያው ነው የምትፈቱኝ።»

«እልኸኛ ነህ አንተ!»

«ነኝ።»

ኮማንደሩ ወደ ነፊሳ ተመለከተ። ነፊሳ ጫማዋን አውልቃ ውሃውን እያፈሰሰች ነበር። «ዳገቱ አጭር ነው፣ ኮማንደር» አለችው ቀና ሳትል።

ወጡ። ከንግሥ የሚመለሰው ሰው ከጠዋቱ በዝቶ መንገዱን ሞልቶታል። ኮማንደሩ ካቴናውን ከፈተ።

«ይሄ ልጅ ወንጀል የለበትም። ያሰርነው በስሕተት ነው» አለ ኮማንደሩ ወደ ነጠላው አቀርቅሮ።

ፈሀድ የእጁን አንጓ እያሻሸ አሻግሮ ሕዝቡን አየ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙዎትም» አለ።

ኮማንደር ዓምደ ሚካኤል ቀና አለ፤ ደግሞ ተናገረው፣ አሁን እየጮኸ።