አበባ ላይ መድኃኒት አይረጭም

አቶ ገነነ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ጓሯቸው፣ ከኮክ ዛፍ ሥር፣ የተባይ መድኃኒት መርጫውን ጀርባቸው ላይ እንዳዘሉ ሞተው ተገኙ። ጎረቤቱ «ሲረጩ መድኃኒቱ ገደላቸው» ብሎ ፈረደ። የእኛ አገር ሰው ለመፍረድ መች ይሰንፋል።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ሬሳውን አይታ ስታበቃ ቀና ብላ ዛፉን አየች። የካቲት ነው፤ ኮኩ ከላይ እስከ ታች አብቧል፤ ከአጥሩ ሥር ካሉት የአቶ ገነነ ቀፎዎች የወጣው ንብም አበባውን ወርሮታል። ወደ ሚስትየዋ ወደ ወይዘሮ ንግሥቴ ሄደች።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ሲረጩ አይተዋል?»

«አይቻለሁ ልጄ። ስንቴ ተው ብዬው ነበር።»

«ታዲያ ንቡ እንዴት ተረፈ? ቀፎ ያለው ሰው አበባ ላይ አይረጭም። ከሞቱ በኋላ መርጫውን ያሸከሟቸው እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ንግሥቴ እጇን ይዘው ጓዳ አስገቧት።

«ቀና ብዬ አበባውን መች አየሁት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው፣ ልጄ። ገዳይ አለ ከተባለ ልጃችን ቢሆነኝ የአባቱን ደም ሳይመልስ አይተኛም፤ እሱንም መልሰው ይገድሉብኛል። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አደጋ ነው በይልኝ።»

«ገዳዩን ያውቁታል?»

ወይዘሮ ንግሥቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ለሰርካለም ግን ሐሰት መጻፍ አልሆነላትም። አጥሩን ተሻግራ ወደ ሟቹ ወንድም ወደ አቶ እጅጉ ጓሮ ገባች። ወንድማማቾቹ በምንጭ ውኃ ተራ ተጣልተው ከርመው፣ ሽማግሌ ያስታረቃቸው ባለፈው እሑድ ነው።

«ዘንድሮ መድኃኒት ረጭተዋል?»

«እኔ? በዓይኔም አላየሁት። የገነነ ቤት ግን አይጠፋም።»

የእሳቸው ኮክ ቀድሞ የሚያብብ ዘር ነው፤ አበባው ረግፎ ፍሬ ቋጥሯል። ሰርካለም ቅጠሉን በጣቷ አሽታ አሸተተችው።

ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡን፣ የነፍስ አባታቸውንም ጭምር፣ ሰበሰበች።

«አቶ ገነነ ሲረጩ አልሞቱም» አለች። «ቢረጩ መሬቱ በሞተ ንብ ይሞላ ነበር። መድኃኒት የሚገዛው አበባው ሲረግፍ ነው፤ የእሳቸው ገና ነው። ቤቱንም መርጫውንም ፈትሻለሁ፣ ጠብታም የለም። እዚህ መንደር ሌላ ኮክ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ እጅጉ። አበባዎ ረግፏል፤ ቅጠሉም መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ለምን ዋሹኝ?»

ሰርካለም አንድ ጠርሙስ አውጥታ አሳየች።

«ጓዳ ተደብቆ ያገኘሁት አረቄም እንደዚያው ይሸታል። አቶ ገነነን የገደላቸው እሱ ነው። ማን አመጣው?»

ልጅየው ቢሆነኝ ነው የመለሰው። «አጎቴ። የዕርቅ ነው ብሎ።»

እጅጉ፣ ከዚህ ወዲያ አቶ አልለውም፣ አንገቱን ደፋ። «ውኃው የአባቴም ነበር» አለ። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ደም አልመልስም ብለህ ማልልኝ።»

ቢሆነኝ መስቀሉን አልተሳለመም።

«እናቴ፣ ቂርቆስ ለቀብሩ ይመጣል?» ሲል ጠየቀ። ቂርቆስ ቡሬ የሚማር የእጅጉ ልጅ ነው፤ ሁለቱ አብረው ነው ያደጉት።

ወይዘሮ ንግሥቴ ለልጃቸው አልመለሱም። ወደ ሰርካለም ዞሩ።

«አንድ ሬሳ ነበረን» አሏት። «ሦስት አደረግሽው፣ ልጄ።»