ያለቀ ጣት

እትዬ አረፋ ከጣሪያው ማስጫ በሚወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ ተንጋለው ተገኙ። ቅርጫታቸው ተገልብጦ፣ የሆቴሉ አንሶላዎች በላያቸው ተበትነው ነበር። ሞትን እንኳን ነጭ ለብሰው የጠበቁት ይመስል ነበር። በዚያ ሰፈር እሳቸው ያጠቡትን አንሶላ ያየ ደመና አፍሮ ይበተናል ይባላል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ እንዲያውም ተቀንሶ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰማችውን ሁሉ ነፍታ ዱቄቱን ለመዝገብ ታስቀርና እብቁን ለተናጋሪው ትመልሳለች። ዋሽቶ ያመለጣት ሰው ገና አልተወለደም፤ ከተወለደም አፉን አልፈታም።

ወንፊት ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የእትዬ አረፋ ሽርጥ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል። ከፊት ኪሱ ስልክ አወጣች። ስልኩ ላዩ ብቻ ወርዝቷል፤ ሽፋኑን ስታወልቀው ውስጡ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ከደረጃው ጥግ የልብስ መቆንጠጫዎች በአንድ ቦታ ተከምረዋል፤ ከወደቀ ሰው ኪስ እንደተበተኑ ሳይሆን አንድ ሰው በጭብጡ አውጥቶ እንዳስቀመጣቸው። ከዚያ የሟቿን ቀኝ እጅ አንስታ ጣቶቹን በአውራ ጣቷ ደባበሰቻቸው። ወንዝ ዳር እንደከረመ ጠጠር ልሙጥ ነበሩ። እጁን ቀስ ብላ መለሰችው፤ እንደተኛ ሕፃን እጅ።

ትልቋ ልጃቸው የተደፋ ሳፋ ላይ ተቀምጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጎን ያጠበችው እሷ ናት። ሳትጠየቅ ተናገረች።

«እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በአፌ።»

ወንፊት ሌላ ሳፋ ደፍታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ጠዋት እማዬ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ እኔ አነሳሁት። ሰውዬው 'ከባንክ ነው፤ ሌባ የእናትሽን ብር ሊወስድ ነው፤ አሁን በመልእክት የሚመጣልሽን ቁጥር አንብቢልኝና ላስቁመው' አለኝ። ድምፁ እንደ ሐኪም የረጋ ነው። አነበብኩለት። አመስግኖኝ ዘጋ። ከዘጋ በኋላ ነው የጠረጠርኩት።»

«ለእናትሽ ነገርሻት?»

«ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። 'ወንድምሽን ልጥራው፤ ያስተማርኩት ለዚህ አይደል' አለችኝ። እኔ የተተኮሰውን ልብስ ሆቴል ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ…» ወደ ደረጃው ተመለከተች። «ደውዬለት ወንድሜ መጣ። ባንክ ደውሎ አጣራ። ብሩ የለም፤ ተጠርጎ ወጥቷል። 'ድንጋጤው ነው ከደረጃው የጣላት፤ ምላስሽ ነው የገደላት' አለኝ። እውነቱን ነው።»

«ብሩ ለምን ነበር?»

«ለማጠቢያ ማሽን። ለኔ።» ሁለት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። «'ያንቺ ጣት እንደኔ አያልቅም' ትለኝ ነበር። አልቆ እንደነበር አላየችም። መታወቂያ ልናሳድስ የሄድን ጊዜ የአሻራው ማሽን ሁለታችንንም እምቢ አለን። ጸሐፊው 'እናንተ እጅ አላችሁ ወይስ ማንኪያ ነው?' ሲላት፣ እማዬ ምን አለችው መሰለሽ? 'ጣቴን ሰው ለብሶት ሄዷል፤ ከተማው ውስጥ ፈልገው።'» በሳቅ ጀመረችው፤ በሳቅ ግን አልጨረሰችውም።

በግቢው የፊት ክፍል የሚከራየው ሞባይል ጠጋኝ ሁለተኛው ተጠያቂ ነበር። የትልቋ ወንድም፣ ትንሹ ልጅ፣ ጣቱን የቀሰረበት ስለሆነ አንድ ፖሊስ ክንዱን ይዞ አቁሞታል።

«የሴትዮዋን ስልክ ትነካካለህ ይባላል» አለችው ወንፊት።

«መነካካት ሥራዬ ነው፣ እትዬ። ሳልነካ የሚድን ስልክ ካለ ወደ ጸበል ነው የሚወሰደው።»

«የባንካቸውንስ መተግበሪያ?»

«እሱን ልጃቸው ነው የጫነላቸው። ስልኩ አይቆለፍም፤ የባንኩ ግን ያለ አሻራ አይከፈትም። እኔ ያደረግኩት ሁለት ነገር ነው። ማንበብ ስለማይችሉ ብር ሲገባና ሲወጣ እንደ ብርጭቆ ካንሽ የሚል ድምፅ አበጀሁላቸው። ደግሞ ባንክ ድረስ ወስጄ በካርዳቸው በኢንተርኔት የሚገዛበትን በር አዘጋሁላቸው። ሱቅ ሄደው ከሚገዙ በቀር ማንም ከሩቅ ሆኖ አይገዛበትም።»

«ልጅቷ ያነበበችው ቁጥርስ?»

«ያ ቁጥር የዚያ በር ቁልፍ ነው። በሩ ግን ተገንብቶበታል። ሌባው ቁልፉን ይዞ ግድግዳ ሲደበድብ ውሏል።»

ወንፊት የፖሊሱን እጅ በዓይኗ ከክንዱ ላይ አስነሳችው። «ሲያጥቡ ስልካቸው የት ይቀመጣል?»

«ከመተኮሻው ጠረጴዛ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ውሃ ካለበት አይጠጋም። አንዴ ሳፋ ውስጥ ጥለውት፣ ስጠግነው ኪራይ ምረውኛል። ኪሳቸው የመቆንጠጫ ነው።»

«ዛሬ ያንን ድምፅ ሰምተሃል?»

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። «ሰምቻለሁ። ካንሽ አለ። ጥቂት ቆይቶ የሚወድቅ ነገር ሰማሁ።»

«አልወጣህም?»

«ቅርጫት መሰለኝ፣ እትዬ። ቅርጫት ሁልጊዜ ይወድቃል።» ከዚያ በኋላ ቀልድ አልወጣውም።

ትንሹ ልጅ መተኮሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሟል። ክራቫቱ ቢጎተት ደወል የሚደውል ይመስል ቀጥ ያለ ነው። የግቢው ውሃ ጫማውን እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ነበር የገባው፤ በዚያ ግቢ ያደገ ሰው ሳይሆን ወንዝ የሚሻገር መንገደኛ ነው የሚመስለው።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«የክፍያ ካርድ ድርጅት ውስጥ ደንበኞችን አስተምራለሁ። እንዳይጭበረበሩ።»

«እስቲ አስተምረኝ። እኔም ካርድ አለኝ።»

እንደ ግጥም ወረደው። «ባንክ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም፤ የጠየቀ ሌባ ነው። በመልእክት የመጣ ቁጥር ለወላጅም አይነገርም። ማሽን ላይ ሲመቱ በሌላው እጅ ይሸፍናል። የመታወቂያ ኮፒ የትም አይጣልም፤ በሰው ስም ካርድ ያወጡበታል። ካርድ ሲጠፋ ቅድሚያ ማዘጋት፣ ከዚያ ማልቀስ።»

«ጎበዝ። ለእህትህስ ነግረሃታል?»

«ምላሴ እስኪደርቅ። የሚሰማ ጆሮ ነው የጠፋው።»

«እናትህ ደውለውልህ ነበር?»

«ደውላልኛለች። ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እመጣለሁ አልኳት። የመጣሁት እህቴ ስትጠራኝ ነው።»

«ሲያጥቡ ስልካቸውን የት ነው የሚያደርጉት?»

«ኪሷ ውስጥ ነዋ። ሌላ የት ታደርገዋለች?»

ወንፊት ራሷን ነቀነቀችና ወደ ግቢው ወጥታ ከባንኩ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ በስልክ ተነጋገረች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። ያቺ ሴት በሥራ ዘመኗ ያላየችው ክፋት የለም፤ ዘርዝሩ ቢባል ቀለም አይበቃም። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ነው የገባችው።

ሁሉንም መተኮሻ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የተተኮሱ ሸሚዞች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ ባለቤቶቻቸው ያልመጡ እንግዶች ይመስል ከሰዎቹ ጋር ተሰልፈዋል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ስልክ ላዩ እንጂ ውስጡ አልረጠበም» አለች። «ኪሱ ግን ርሷል። እትዬ አረፋ ሲያጥቡም ሲወድቁም ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይርስ ነበር። መቆንጠጫዎቹም ይበተኑ ነበር እንጂ አይከመሩም። ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው ኪሱን ባዶ አድርጎ ስልኩን ከቶላቸዋል።»

«ለምን ሲባል?» አለ ጠጋኙ።

«ብሩ ሲወጣ ስልኩ በእጃቸው ነበር እንዲባል። ግን የከተተው ሰው ቤቱን ዘንግቷል። ልጅቷ ስልኩ የት እንደሚኖር ታውቃለች፤ ተከራዩም ያውቃል። እነሱ ቢሆኑ ወደ መደርደሪያው ይመልሱት ነበር። አጣቢ ሴት ስልኳን ኪሷ ትይዛለች ብሎ የሚያስብ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ሲታጠብ ካየ ዘመን ያለፈው ሰው ነው።»

ትንሹ ልጅ ክራቫቱን ነካ። «እናቴ በሌባ ተዘረፈች። ቁጥሩን የሰጠችው እዚህ ተቀምጣለች። እናንተ ስለ ኪስ ታወራላችሁ።»

«ስለ ብሩም እናወራለን። እህትህ በሰጠችው ቁጥር አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ ባንኩ ነግሮኛል። ሌባው ሞክሮ ተመልሷል። ብሩ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ ከዚሁ ስልክ፣ በአሻራ ነው። አሻራ በጥሪ አይላክም፤ ጣቱ እዚህ መምጣት አለበት።»

«እማዬ ራሷ ተጭና ይሆናላ። ደውለው 'ጣትሽን አድርጊ' ብለዋት።»

ወንፊት ወደ እሱ ዞረች። «በየትኛው ጣቷ?»

ልጁ እጆቹን ወደ ኋላው ሰበሰበ፤ ወንፊት ቀጠለች።

«በረኪናና የፈላ ውሃ የእናትህን አሻራ ካጠበው ቆይቷል። መታወቂያ ቢሮ እንኳን ማሽኑ አላወቃቸውም። የእህትህም እንደዚያው ነው። በዚህ ቤት ጣቱ ያላለቀ ልጅ አንድ ነው፤ እንዳያልቅ ሁለት ሴቶች የራሳቸውን የጨረሱለት። ብሩ የሄደው ደግሞ በእትዬ አረፋ ስም ወደወጣ ሌላ ካርድ ነው። በመታወቂያቸው ኮፒ የወጣ፣ እሳቸው አይተውት የማያውቁት፣ ዕዳ የተከመረበት ካርድ። ጠዋት እናትህ ደውለው እህትህ የሠራችውን ስህተት ሲነግሩህ፣ ጥፋቱን የምትጭንበት ጫንቃ ተገኘልህ። እህትህ ሳትጠራህ አስቀድመህ መጣህ።»

«ማስረጃ የላችሁም።»

«ጠረጴዛው ላይ ነው።» የባንኩን መተግበሪያ ነካች፤ አሻራ ጠየቀ። «ጣትህን አስቀምጥ።»

እጁን ኪሱ ከተተ።

ያኔ ትልቋ ተነሳች። ማንም አላዘዛትም። ወንድሟ ፊት ቆማ እጁን ከኪሱ አወጣችው፤ ትምህርት ቤት ስታደርሰው ይዛ መንገድ ታሻግርበት የነበረውን እጅ። አልታገላትም። ጣቱን ስልኩ ላይ አሳረፈችው። ስክሪኑ በራና በእናታቸው ሙሉ ስም ሰላምታ አቀረበለት። እንኳን ደህና መጡ አለው።

እጁን አልለቀቀችውም። «ንገረኝ» አለችው።

«መልሼ ላስገባው ነበር» አለ። ድምፁ የክራቫት ድምፅ አልነበረም። «ካርዱን ያወጣሁት ለቤት ኪራይ ነው። ከዚያ ለዕቃ፣ ከዚያ ለማስመሰል። የባንኩን ስጭንላት ጣቷ እምቢ አለ። 'ያንተን አድርግበት፤ ያንተ ጣት የኔ አይደል' አለችኝ። ዛሬ እሷ ጣሪያው ላይ አንሶላ እያሰጣች ነበር፤ ስልኩን ከመደርደሪያው አውርጄ ደረጃው ሥር ቆሜ ላኩት። ካንሽ ሲል ሰማች። ሌባ ነው ብላ አልጮኸችም። 'ልጄ፣ ምን ወጣ?' ነው ያለችኝ። ወረደች፤ ስልኩን ልታይ እጇን ዘረጋች። ሸሸሁባት። ደረጃው ርሶ ነበር።»

«ስትወድቅ አልያዝካትም?»

«ስልኩን ነበር የያዝኩት።»

ሰውን በንግግር የምታስለቅስ፣ ወንበዴን በዝምታ የምታናዝዝ ያቺ ሴት፣ ያን ቀን ስልኩን በጨርቅ የጠቀለለላት ተከራዩ ነው። ፖሊሶቹ ልጁን ይዘው ወጡ። በግቢው ሲያልፍ ጫማውን ውሃ ውስጥ እየነከረ ነው የሄደው፤ ድንጋይ አልመረጠም።

ወንፊት ወደ ትልቋ ተጠጋች። «እህቴ፣ አድምጪኝ። ያ የደወለው ሌባ ነው፤ ዳግም ከደወለ ሳትመልሺ ዝጊበት። ግን እናትሽን አልገደልሽም። በአንቺ አፍ የወጣ ብር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሸክም አውርጂ።»

ትልቋ የመኪናው በር ሲዘጋ እያየች ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እስቲ እንደገና እዪው» አለች፣ የመርማሪዋን እጅጌ ይዛ። «ምናልባት እኔ እሆናለሁ። በደንብ እዪው፣ እባክሽ። እኔ ብሆን እሱ ይቀርልኝ ነበር።»