አርባ ሁለተኛው ማመልከቻ

ጋሽ ደንቡ የሞቱት ማመልከቻ የሚዘጋበት ሐሙስ ዕለት ነው። ሬሳቸውን ያገኘችው ግን በማግስቱ ጠዋት ቢሮውን የከፈተችው ጸሐፊያቸው ናት። ከብረቱ የፋይል ካቢኔት ሥር በጎናቸው ወድቀዋል፤ አጠገባቸው አንድ ወንበር ተገልብጧል፤ የካቢኔቱ ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ደንቡ አይደለም። ለአንድ ዓመት ውጭ አገር ሄደው የሚማሩ የልውውጥ ተማሪዎችን ማመልከቻ ለዩኒቨርሲቲው የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ደንቡ አይፈቅድም» ሲሉ ኖረው ስሙ ተለጠፈባቸው። የገዛ እህታቸውን ልጅ እንኳ «ፎቶው አንሷል» ብለው መልሰዋታል። ሰው እንዲህ ይደርቃል? ይደርቃል። ግን በአማላጅም በእንባም የማይታጠፍ ሰው ስንት አለ?

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «ፋይል ሊያወርዱ ወንበር ላይ ወጥተው ወደቁ» ብለው ጽፈዋል። ኢንስፔክተሯ ስትመጣ ነገሩ አልቆ ነበር። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ሆና አይደለም፣ እንዲያውም ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ጥያቄዋ ስለሚወጋ ነው። ጎንበስ አለችና ቁስሉን ትታ እጃቸውን አየች። የቀኝ አውራ ጣታቸው ሐምራዊ ቀለም ነክቶታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«የቀን ማኅተሙ ቀለም ነው» አለች ጸሐፊዋ እያለቀሰች። «ሁልጊዜ ሊወጡ ሲሉ ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ወደ ነገው ቀን ያዞሩታል። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቧንቧ በሳሙና ይታጠባሉ። ቀለም ይዘው ቤታቸው ገብተው አያውቁም።»

ኢንስፔክተሯ ማኅተሙን በጓንት አነሳችው። አሥራ አራት ይላል። የሐሙስ ቀን። «እህ» አለችና መልሳ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። «ወዲያው አልሞቱም» አላት። «ከወደቁ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ተንፍሰዋል። ቢደረስላቸው ይተርፉ ነበር።»

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አርባ አንድ ማመልከቻ ተመዝግቦ ሥሩ በቀይ ተሰምሯል፤ «ከቀኑ 11 ሰዓት ተዘጋ» ይላል፣ ፊርማም አለው። ከመስመሩ በታች ጋሽ ደንቡ በእርሳስ የአንዲት ተማሪ ስም ጽፈው «የድጋፍ ደብዳቤ የለም፤ አልተሟላም» ብለዋል። የልጅቷ ፋይል ሲከፈት ግን የታሸገ የድጋፍ ደብዳቤ ተገኘ፤ ፖስታው ላይ የአሥራ አራት ማኅተም አርፎበታል።

«አንቺ እስከ ስንት ሰዓት ነበርሽ?» ስትል ኢንስፔክተሯ ጸሐፊዋን ጠየቀቻት።

«እስከ መዝጊያው።»

«ታዲያ ቀዩን መስመር ሲያሰምሩ ምን አሉ?»

የጸሐፊዋ ፊት በርበሬ መሰለ። «አሥር ሰዓት ላይ ወጣሁ። ልጄ ተደባድባ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ማስፈቀዱ አሳፈረኝ፤ በወር ሦስተኛዬ ነው። እኔ ብኖር ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም።

ተማሪዋ የሦስተኛ ዓመት ናት። የልውውጡ ዕድል ለሦስተኛ ዓመት ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ያለፈው፣ አለፈው። በዚያ ቀን ወደ ሕንጻው አልመጣሁም አለች።

«ዘበኛው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እያለቀስሽ ስትወጪ አይቶሻል።»

ልጅቷ ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች። «መጥቼ ነበር። ፋይልሽ ጎድሏል አሉኝ። አማካሪዬ ዶክተር ግን ደብዳቤውን ሰኞ ሰጥቻለሁ ብለውኛል።»

«ስለዚህ አንዳቸው ዋሽተዋል።»

«እኔ እንደዚያ አልወጣኝም!» አለች ደንግጣ። «ዶክተር አባቴ ማለት ናቸው። ሌላው እንዳሻው ይበላቸው፣ እኔ ግን የእሳቸውን ስም አላጠፋም።»

ፖሊሶቹ ከዚህ በላይ አልፈለጉም። የጠቀማት ደብዳቤ አለ፣ ውሸት አለ፣ ያያት ሰው አለ። ሊይዟት ሲነሱ ኢንስፔክተሯ «እስከ ነገ ጠዋት ታገሡኝ» አለቻቸው።

የልጅቷን አማካሪ ግቢው በሙሉ «ዶክተር እሺ» ይላቸዋል። እምቢ ማለት አይችሉም። ጥናቴን ያንብቡልኝ ሲሏቸው እሺ፣ ስብሰባ ይምሩልን ሲሏቸው እሺ፣ ሽምግልና ይግቡልን ሲሏቸው እሺ። ሠርተው አይጨርሱትም እንጂ እሺታውስ ሞልቷል! ሰውም ይወዳቸዋል፤ እምቢ ያላለን ሰው ማን ይጠላል?

«ደብዳቤውን መቼ ሰጡ?» አለቻቸው ኢንስፔክተሯ።

«ሰኞ፣ በእጄ።»

«ልጅቷ ሰው ትገፋለች ብለው ያስባሉ?»

ዶክተሩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን ናት። ልጅ ሲጨንቀው ግን ምን የማያደርገው አለ? እኔ ይህን አለ ብለሽ እንዳትነግሪያት፤ ትቀየመኛለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም እዚያው ቢሮ ተሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ኢንስፔክተሯ የጋሽ ደንቡን ወንበር ትታ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች።

«ሦስታችሁም ዋሽታችሁኛል» አለች። «ሦስታችሁም የዋሻችሁት ከኀፍረት ነው። እኔ የምፈልገው ግን የአንዱን ኀፍረት ነው። ከጣታቸው ልነሳ። ጋሽ ደንቡ ሁልጊዜ ቀኑን አዙረው ይታጠባሉ። ሲሞቱ ጣታቸው ቀለም ነበረው። ስለዚህ ቀኑን ወደ አሥራ አምስት አዙረዋል፤ ለመታጠብ ግን አልደረሱም። ታዲያ ማኅተሙ ለምን አሥራ አራት ይላል?»

«ሌላ ሰው መለሰው» አለች ጸሐፊዋ ቀስ ብላ።

«መለሰው። ማኅተም ወደ ኋላ የሚመለሰው የዘገየ ወረቀት በጊዜው የደረሰ ለማስመሰል ነው። ከመዝገቡ ጋር የሚጣላ ወረቀት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ፖስታ። እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ መዝገቡን የምትይዢው አንቺ ነሽና የእርሳሱን ጽሑፍ ታጠፊው ነበር። ያስገባው ሰው መዝገቡን ማየት አላሰበም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ተማሪዋ ዞረ።

«አሠራሩን ንገሪን» አለች ኢንስፔክተሯ ለጸሐፊዋ።

«መምህሩ ፖስታውን አሽጎ ማሸጊያው ላይ ይፈርምና ያመጣል። እኛ ፊርማው ላይ ማኅተም እናሳርፋለን። ፊርማ ከሌለው ጋሽ አይቀበሉም።»

«በዚህ አሠራር ማኅተሙ ከላይ፣ ፊርማው ከሥር ይሆናል። እስቲ ይህን እይው።» አጉሊ መነጽር ሰጠቻት።

ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሰማያዊው ከላይ ነው። ፊርማው ማኅተሙ ላይ ነው ያረፈው።»

«ስለዚህ ማኅተሙ ሲመታ ፊርማ አልነበረም። መጀመሪያ ማኅተሙን መታ፤ ጋሽ ደንቡ ያለ ፊርማ እንደማይቀበሉ ኋላ ትዝ አለውና ፈረመ። ፊርማው የእርስዎ መሆኑን ባለሙያ አረጋግጧል፣ ዶክተር። ሰኞ የተሰጠ ደብዳቤ ሐሙስ ከመዝጊያ በኋላ አይፈረምም።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ልጄ፣ ከዚህ ወጥተሽ ለማን ደወልሽ?»

ልጅቷ ወደ ዶክተሩ አየች። ይማጠኗት ይመስል ዓይናቸው ቀልቷል። «ለዶክተር» አለች በመጨረሻ። «‹ስህተት ይሆናል፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ፣ አንቺ ቤትሽ ግቢ› አሉኝ።»

ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

«አልጻፍኩትም ነበር» አሉ። «በሁለት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት። ስድስተኛ ስትመጣብኝ አፈርኩና ሰኞ ሰጥቻለሁ አልኳት። ሐሙስ መጥቼ ጋሼን ለመንኩት። ‹ደንቡ አይፈቅድም› አለኝ። እሱስ ይሁን። ከዚያ ስልኩን አነሳ። ‹ልደውልላት፤ አልጻፍኩልሽም ብለህ በራስህ አፍ ንገራት› አለኝ። ያንን አልቻልኩም። ስልኩን ልቀማው ስል ገፋሁት፤ ወንበሩ ጠለፈው።»

«ይተነፍሱ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይተነፍስ ነበር።»

«አንድ ስልክ ይበቃ ነበር።»

«ደውዬስ ምን ልበል?» አሉ ዶክተሩ ድምፃቸው እየሰለለ። «ለምን መጣህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? እዚያው ቁጭ ብዬ ደብዳቤውን ጻፍኩት።»

በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች እንኳ መሬት መሬት አዩ። ስንቱን ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት ያየችው ኢንስፔክተሯም ዓይኗን ወደ መስኮቱ አሸሸች። ሰው በጥላቻ ሲገድል ማየት ለምዳለች፤ ከይሉኝታ የተነሳ ሰው ሲሞት ግን ለማየትም ያሳፍራል።

መጀመሪያ የተነሳችው ጸሐፊዋ ናት። ልጅቷን ትከሻዋን ያዘቻት። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ለኮሚቴው እኔ እናገራለሁ፤ ሌላ መምህር ይጽፍልሻል፣ ይቀበሉሻል።»

«አይሆንም» አለች ልጅቷ። «ጋሽ ደንቡን እኔ ባላዘገያቸው ታጥበው ቤታቸው በገቡ ነበር። ከዚያ ቀይ መስመር በላይ ስሜን አታስገቢው። በዚያ ዕድል የት ሄጄ ነው ቀና ብዬ የምማረው?» እንባዋ ወረደ። «ሐሙስ ደረጃው ላይ ሆኜ ረግሜያቸዋለሁ።»

ጸሐፊዋ መዝገቡን ዘጋችው።

ፖሊሶቹ ዶክተሩን ደግፈው አስነሷቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ጠራቻቸው፤ አሁንም «ዶክተር» ብላ በአንቱታ ነው የጠራቻቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምን ያህል ፈጀብዎት?»

«ምኑ?»

«ደብዳቤው።»

ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ።

«ሃያ ደቂቃ» አሉ።