ሦስት ጎኑ የተቆረጠው በር

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔ ግን በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት... ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ።

ባለቤቴ ፍሪጅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጠዋት አንድ ትልቅ የፍሪጅ ካርቶን ተሸክሞ መጣና "ለሚጣ ቤት ሥሪላት" ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሚጣ የአምስት ዓመት ልጃችን ናት። ቃል የተገባላትን ነገር የሚያስረሳት ኃይል የለም።

ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ለጠፍ አድርጌ አቆምኩት። የካርቶን በር ስሠራ ሁሌም ሦስቱን ጎን በካተር እቆርጥና ግራውን ለማጠፊያ እተወዋለሁ። አሠራሬ ነው።

ጨዋታው እንዲያምር ብዬ ሕግም አወጣሁላት።

"እንግዳ ሲመጣ ሦስቴ ያንኳኳል። አንቺ 'ግባ' ካላልሽ ግን ማንም አይገባም። እሺ?"

"እሺ እማዬ!" ብላ ገባችና በሯን ዘጋች።

እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ለጣሪያው ቀይ ወረቀት ማጣበቅ ጀመርኩ።

ኳ... ኳ... ኳ።

"ማነው?" አለች ሚጣ ከውስጥ።

ሳቄ መጣ። ለካ እንግዳዋም የቤቱ ባለቤትም ራሷ ናት፣ አልኩ በልቤ።

ኳ... ኳ... ኳ።

"እማዬ..." ድምጿ ዝቅ አለ። "አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም። አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ እጄን አጣጥፌ ነው የተቀመጥኩት።"

ሳቄ ጠፋ።

ድምፁ የመጣው ከካርቶኑ ጀርባ ነበር... ግድግዳውን ከነካው በኩል። እዚያ መሐል ጣት እንኳ አይገባም።

ከዚያ ሚጣ መንሾካሾክ ጀመረች። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። በሩን በርግጄ፣ ክንዷን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት።

"ግባ አልሽው?"

"አላልኩም።"

"እሰይ፣ የኔ ልጅ..."

"ጫማዬን እስከማደርግ ውጪ ጠብቀኝ ነው ያልኩት።"

ካርቶኑን ከግድግዳው ሳብ አደረግኩት።

ጀርባው ላይ ሌላ በር አለ። ሦስት ጎኑ ተቆርጧል፤ ግራው ለማጠፊያ ተትቷል። የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የቆረጠው ከግድግዳው በኩል ሆኖ ነው።

ካተሩ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር።

ፈራሁ፤ አልዋሽም። እንደምንም ሚጣን አቅፌ ከቤት ለመውጣት ሮጥኩ። የውጪውን በር ልከፍት እጄን ስዘረጋ...

ኳ... ኳ... ኳ።

"ማነው?"

ባለቤቴ እንዳይሆን ቁልፍ አለው፤ አንኳኩቶም አያውቅ።

"እማዬ፣" አለችኝ በጆሮዬ፣ "ጠበቀኝ እኮ።"

አፏን በመዳፌ አፈንኩት።

የእንጨቱ በር ላይ፣ ከታች፣ በሚጣ ቁመት ልክ፣ ቀጭን መስመር ብቅ አለ። የእንጨት ብናኝ እግሬ ላይ ይረግፋል... ከታች ሄደ። በቀኝ ወጣ። ከላይ ዞረ።

ግራውን አልነካውም። ለማጠፊያ ተወው።

ከዚያ እንደገና ሦስቴ አንኳኳ... ጠበቀም።

መዳፌ ሥር የልጄ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።